ሹም ሲሳቅበት

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የሥልጣንን ከፍታ ተናግረዋል። እነዚያው አባቶች ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው በሹሙ ስቀዋል። ክስ ባልተፈቀደበት ዘመን ቀልድ የአቤቱታን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ቀልድ ወደ ዘመናዊ መድረክ ያወጡት በሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘው ድርሰታቸው ሹማምንትን በእንስሳት አንደበት ስለ ነቀፈ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። በተማሩበት በሩሲያ አገር ግን ጎጎል የጻፈው ቲያትር በ1828 ዓ.ም. ታይቶ ነበር። በእርሱም ውስጥ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሹማምንት አንዱን ተራ ጸሐፊ ከዋናው ከተማ የመጣ ተቆጣጣሪ መስሏቸው በጉቦና በግብዣ ሲያሽቃብጡለት ይታያል። ቄሣር ኒኮላስ 1ኛ ራሳቸው ቲያትሩን ተመልክተውታል።

ፋቡላን የጻፉት ሰው ግን የመንግሥት ጠላት አልነበሩም። ይልቁንም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂና የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ በመሥሪያ ቤት ጉድለት መሳቅና መሥሪያ ቤትን ማገልገል የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም።

ይህንኑ ነገር በቴሌቪዥን ያሳየ አንድ የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ አለ። «ፓርክስ ኤንድ ሪክሪዬሽን» ይባላል፤ ከሚያዝያ 2001 እስከ የካቲት 2007 ዓ.ም. በ7 ምዕራፍ ታይቷል። የተሠራውም እውነተኛ ዶኩመንተሪ ፊልም አስመስሎ ነው። ካሜራው በቢሮው ውስጥ ይዞራል፤ ሠራተኞቹም ለብቻቸው ሲጠየቁ ሐሳባቸውን ይናገራሉ። በስብሰባ ላይ «ሁሉ ነገር በመልካም እየተከናወነ ነው» ያለው ሹም ዘወር ብሎ ካሜራውን ሲያይ ዐይኑ እውነቱን ያወጣበታል። የሪፖርቱና የሥራው ርቀት በአንድ አፍታ ይለካል።

ታሪኩ የሚጀምረው በጉድጓድ ነው። ፓውኒ በተባለች የፈጠራ ከተማ ግንባታው ተጀምሮ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ወድቆ እግሮቹን ይሰብራል። ሌዝሊ ኖፕ የተባለች የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ቦታውን መናፈሻ አደርገዋለሁ ብላ ቃል ትገባለች። አለቃዋ መንግሥት ምንም ባይሠራ ይሻላል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስብሰባ፣ ፈቃድ፣ በጀት፣ የነዋሪ ጩኸት ይከተላል፤ ጉድጓዱ ለመሞላት እንኳ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ተመልካቹ በመጓተቱ ይስቃል፤ በሴትዮዋ ትጋት ግን አያፌዝም። የኮሜዲው ብልሃት እነዚህን ሁለቱን መለየቱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በወላይታ ዞን በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ በቦምቤ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ሥራው እንደ ሌዝሊ ሥራ ትንሽ ይመስለው ይሆናል፤ ዐይኑም ወደ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሊያማትር ይችላል። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50፣ ሕዝቡ በቀጥታ መሳተፍ ይችል ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ለባለ ጉዳዩ መንግሥት ማለት በመስኮቱ ማዶ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። የመሬት ወረቀቱን፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን የሚጠብቀው ከእርሱ እጅ ነው። «ዛሬ ሂድ፣ ነገ ተመለስ» የተባለ ገበሬ አንድ የእርሻ ቀን ይከስራል።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም በራሱ ቢሮ ላይ የተቀለደ ቀልድ ቢሰማ አይቆጣ። ቀልዱ ከሪፖርቱ ያልገባውን ይነግረዋል። ይሳቅ፤ ከዚያም ደጅ የቆመውን ባለ ጉዳይ ይጥራው።