ነፋስ በምድርና በውሃ ላይ

ልጆች ሆይ፤ ነፋስ መንገደኛን ይመስላል። መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ይፈጥናል፤ ሻካራ ሲሆን ይደክማል።

ከዳሞታ ተራራ በታች፤ በወላይታ አገር የሚነፍሰውን ነፋስ ተመልከቱ። በሶዶ ከተማ ቤትና ዛፍ ያግደዋል፤ በእንሰትና በበቆሎ መካከልም ሲያልፍ ቅጠሉን እያወዛወዘ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከሶዶ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለው በአባያ ሐይቅ ላይ በደረሰ ጊዜ ግን ቤትም ዛፍም ስለሌለ እንደገና ይፈጥናል።

«ሐይቁስ ሞገድ አለው፤ ሞገዱ ነፋሱን አያግደውምን?» የሚል ልጅ ቢኖር መልካም ጠየቀ። የነፋስ ሊቃውንት ሻካራነትን በርዝመት ይናገራሉ፤ ይኸውም የነገሩ ቁመት ሳይሆን ነፋሱን የሚያግድበት መጠን ነው። አጭር ሣር ላለበት ሜዳ 1 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ለሐይቅ ግን ሞገዱ ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያንሳል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ፤ ድንጋይ በስፍራው ጸንቶ ይቆማል፤ ሞገድ ግን ነፋሱ ወደሚሄድበት አብሮ ይሄዳል። አብሮ የሚሄድ ነገር ብዙ አያግድም። ሁለተኛ፤ የትልቁ ሞገድ ጎን በዝግታ ያዘቀዘቀ ስለሆነ ነፋሱ በላዩ ተንሸራትቶ ያልፋል። ነፋሱን ይልቁን የሚይዘው በትልቁ ሞገድ ጀርባ ላይ ያለው ጥቃቅን ሞገድ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ነፋስ ቢበረታም ቢደክምም ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው። ውሃ ግን ሻካራነቱን ከነፋሱ ከራሱ ያገኛል፤ ነፋሱ ሲበረታ ውሃውም ይሻክራል። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርኖክ በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይህን በሒሳብ ገለጠ።

ይህን ማወቅ ለታንኳ ቀዛፊ የሕይወት ነገር ነው። በዳር፤ በዛፍ ተከልሎ ቆሞ «ዛሬ ነፋሱ ቀላል ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። ዛፉ ጋረደለት እንጂ ነፋሱ አልደከመም። ከዳር በራቀ መጠን ነፋሱ ይበረታበታል፤ ሞገዱም ከፍ ይላል፤ መመለሻውም ይርቃል። አስተዋይ ቀዛፊ ግን አስቀድሞ የሐይቁን መካከል ያያል፤ በዚያ ነጭ አረፋ ቢታየው ታንኳውን አስሮ ይቆያል።

እንግዲህ ልጆች፤ በተከለላችሁበት ስፍራ ሆናችሁ በሩቅ ያለውን ነገር አትመዝኑ። መጀመሪያ ተመልከቱ፤ ኋላ ፍረዱ።