ካይሮና መጽሐፍ ፈላጊዎቿ

ከአታባ የሜትሮ ጣቢያ የሚወጣ መንገደኛ መጽሐፍ ከማየቱ በፊት የካልሲ፣ የሞባይል መሸፈኛና የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴዎችን ጫጫታ መሻገር አለበት። «ሱር አል-አዝበኪያ»፣ የአዝበኪያ ግንብ፣ የሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ጠባብ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ መጻሕፍቱ ከወለል እስከ ጣራ ተቆልለው የተረፉት ደጅ ላይ ይዘረጋሉ። በአንድ ቁልል ውስጥ የሕክምና መማሪያ፣ የፈረንሳይኛ ልብ ወለድ፣ የ1960ዎቹ የፊልም መጽሔትና የቁርኣን ትርጓሜ ተነባብረው ይገኛሉ። የተጻፈ ዝርዝር የለም፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ለመጽሐፍ ብሎ ካይሮ የሚሄድ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም፤ እዚሁ ካቆመ ግን የከተማይቱን ግማሽ አላየም።

መናፈሻው የተሠራው በ1870ዎቹ፣ በከዲቭ እስማኤል ዘመን ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለብቻው ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ መጽሐፍ ተሸክመው የሚዞሩ ሻጮች ዕቃቸውን በመናፈሻው አጥር ሥር መደርደር ጀመሩ፤ ገበያውም በዚያው ግንብ ስም ቀረ። የከተማው ሹማምንት አንዴ ሲያባርሯቸው፣ አንዴ ፈቃድ ሲሰጧቸው ኖረዋል። በ1990ዎቹ የሜትሮው መስመር ሲቆፈር ወደ ደራሳ ሰፈር ተወስደው በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ተመልሰዋል። በቅርብ ዓመታት የተጀመረው የመናፈሻው እድሳትም ሰፈሩን እንደገና ነካክቶታል።

ይህ ሁሉ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ካይሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የግሪክ፣ የጣሊያን፣ የአርመን፣ የአይሁድና የሶርያ ቤተሰቦች በብዛት የኖሩባት ከተማ ነበረች። ከ1956ቱ የስዊዝ ጦርነትና ተከትሎት ከመጣው የንብረት ውርስ በኋላ ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ መጻሕፍታቸው ቀሩ። ዛሬም አንድ አዛውንት ምሁር ሲያርፉ ወራሾች ቤቱን ለማስለቀቅ ሲቸኩሉ መደርደሪያው በኪሎ ይሸጣል። በየመንደሩ «ሮባቢክያ!» እያለ ጋሪ የሚገፋው ሰው የአዲስ አበባው ቆራሊዮ ወንድም ነው፤ ብረቱንም፣ ፍሪጁንም፣ መጽሐፉንም አብሮ ይጭናል። ከእሱ የሚረከበው ነጋዴ ለአንባቢ የሚሆነውን ወደ አዝበኪያ፣ የማይሆነውን ወደ መጠቅለያ ወረቀት ይለያል። ብርቅ መጽሐፍ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ሁነኛ ሰብሳቢዎች ከሱቁ ባለቤት ይልቅ ጋሪ ገፊውን ይወዳጃሉ።

ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ብዙ ዓይነት ናቸው። ወጣቶቹ በ1984 የጀመረውን የነቢል ፋሩቅን «ረጁል አል-ሙስተሒል» የስለላ ተከታታይ፣ ወይም የአሕመድ ኻሊድ ተውፊቅን የአስፈሪ ታሪኮች የኪስ መጻሕፍት የጎደላቸውን ቁጥር ለመሙላት ያስሳሉ። ሌሎች ጁርጂ ዘይዳን በ1892 የመሠረተውን «አል-ሂላል» መጽሔት ጥራዝ በጥራዝ ያሟላሉ። ገንዘብም ትዕግሥትም ያላቸው የቡላቅን ሕትመት ይከታተላሉ። ሙሐመድ ዓሊ በ1820 ያቋቋመው የቡላቅ ማተሚያ ቤት በ1835 ያወጣው የ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ዕትም፣ በዓለም ዙሪያ ለተሠሩ ብዙ ትርጉሞች መሠረት የሆነ ነውና የፈላጊው ሕልም ነው። በአዝበኪያ ደጅ ላይ ወድቆ ይገኛል ብሎ ግን ማንም አይሄድም።

የመጽሐፍ ገበያ ለካይሮ የትናንት ነገር አይደለም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ ከተማይቱን በዘረዘረበት ሥራው፣ በወርቅ ሠሪዎች ሰፈርና በሳሊሒያ መድረሳ መካከል ስለነበረው የመጽሐፍ ነጋዴዎች ገበያ ጽፏል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ጆሮውን ማቅናት አለበት፤ በዚያ ዓለም ውስጥ የእኛ ሰዎች እንግዶች ብቻ አልነበሩም። በአል-አዝሀር መስጊድ ከአፍሪካ ቀንድ ለሚመጡ ተማሪዎች የተሰየመ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ማደሪያ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ያስተማረውና በ1360 ገደማ ያረፈው ጀማሉዲን አል-ዘይለዒ የጻፈው የሐዲስ ምርመራ መጽሐፍ ዛሬም በአዝሀር ዙሪያ ባሉ ሱቆች ይሸጣል። ከሁሉም በላይ የታወቀው ግን ዓብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ነው። ቤተሰቡ ዘሩን ከጀበርት ምድር፣ ከዛሬዋ ኢትዮጵያና ከዘይላ አካባቢ፣ የሚቆጥርና ለትውልዶች የሪዋቁ አለቃ የነበረ ነው። በ1798 ናፖሊዮን ካይሮን ሲይዝ አል-ጀበርቲ ወራሪዎቹን እያወገዘ፣ ያቋቋሙትን ቤተ መጻሕፍት ግን ደጋግሞ እየሄደ አየ። አንባቢው በጸጥታ ተቀምጦ የጠየቀው መጽሐፍ እንደሚመጣለት በአድናቆት መዝግቧል። የራሱ ታላቅ ታሪክ በሙሉ ሊታተም የበቃው ከሞተ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በዚያው በቡላቅ ነው።

ከክርስቲያኑም ወገን ጉዞው አላቋረጠም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሻገሩ መነኮሳት በግብፅ ገዳማት ያርፉ ነበር፤ ያረፉትም ይጽፉና ይተረጉሙ ነበር። ስንክሳር ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው በአባ እንጦንስ ገዳም ይኖር በነበረው በስምዖን እጅ እንደሆነ ይነገራል። ፍትሐ ነገሥትም መነሻው በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ ኢብን አል-ዐሳል ያጠናቀረው የዓረብኛ ሕግ ነው። በተቃራኒው የተጓዘ ዕድልም አለ፦ ግብፃዊው ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዩ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው፣ የዓረቦችን ግብፅ መግባት በቅርብ የሚተርከው ታሪክ፣ በገዛ አገሩ ቋንቋዎች ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው በ1602 በተተረጎመው ግእዝ ብቻ ነው። የግብፅ ምሁር ያንን ዘመን ሊጽፍ ሲነሳ የኢትዮጵያን ብራና ሳይጠራ አያልፍም።

እነዚህ ተጓዦች የሚፈልጉትን ሲያገኙ ይቀዱት፣ ይተረጉሙት ነበር፤ እናት መጽሐፉ እዚያው ይቀራል። አውሮፓውያኑ ሲመጡ ሌላ ልማድ አብሮ መጣ።

በ1707 ኤልያስ አሰማኒ የተባለ የሮማ ጳጳስ መልእክተኛ ከካይሮ ሰሜን ምዕራብ ካለው ከዋዲ ናትሩን (አስቄጥስ) የሶርያ ገዳም አርባ ገደማ ብራናዎች ገዝቶ ሲመለስ ጀልባው በዓባይ ላይ ተገለበጠ። መጻሕፍቱ ከጭቃ ተለቅመው ቫቲካን ገቡ። በመጋቢት 1837 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ከርዘን ከካይሮ ተነስቶ እዚያው ገዳም ደረሰ። ዓይነ ስውር የነበሩትን አበምኔት ጣፋጭ የጣሊያን አረቄ እያጠጣ ወደ ዘይት ማከማቻው እንዲያስገቡት እንዳግባባ ራሱ በመጽሐፉ ያለ አንዳች ሀፍረት ይተርከዋል። በዚያው ገዳም ያስገረመው ግን የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ክፍል ነበር፦ መጻሕፍቱ እያንዳንዳቸው በቆዳ ማኅደር ገብተው፣ በማንገቻቸው ከግድግዳ ችካል ላይ ተሰቅለው አየ። ለእሱ የጉድ አገር ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ለእኛ ማንኛውም የደብር ዕቃ ቤት። ከእሱ በኋላ የመጣው ሄንሪ ታተም ከሶርያው ገዳም የወሰዳቸው በርካታ ጥራዞች ዛሬ ለንደን ናቸው።

ትልቁ ዝርፊያ ይሁን ትልቁ ማዳን፣ እስካሁን የሚያከራክረው የጌኒዛ ነገር ነው። በአሮጌው ካይሮ በፉስጣጥ ባለው የቤን ዕዝራ ምኩራብ፣ የእግዚአብሔር ስም የሰፈረበት ወረቀት አይጣልምና፣ አይሁድ ያረጀ ጽሑፋቸውን ለዘመናት «ጌኒዛ» በሚባል ዕቃ ቤት ያጠራቅሙ ነበር። በ1890ዎቹ ቅጠሎቹ በካይሮ ነጋዴዎች እጅ ይሸጡ ጀመር። በ1896 አግነስ ሉዊስና ማርጋሬት ጊብሰን የተባሉ መንትያ እኅትማማቾች ከምሥራቅ ጉዟቸው ጥቂት ቅጠሎች ገዝተው ተመለሱ። የካምብሪጁ መምህር ሰሎሞን ሼክተር ከመካከላቸው አንዷ የሲራክ መጽሐፍ የዕብራይስጥ ቅጂ መሆኗን ሲያውቅ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ካይሮ ገሠገሠ። የማኅበረሰቡን መሪዎች አስፈቅዶ፣ በአቧራ ታፍኖ፣ ወደ 193,000 የሚሆኑ ቁርጥራጮች ጭኖ ወሰደ። ከጸሎት መጻሕፍት ጎን የጋብቻ ውል፣ የነጋዴ ደብዳቤና የሕፃናት የፊደል መለማመጃ ነበሩባቸው። የፉስጣጥ ሰዎች የዕለት ኑሮ ዛሬ ይህን ያህል የሚታወቀው በእነሱ ነው። ፈቃድ ነበረው፤ እውነት ነው። ግብፅ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ጦር ሥር እንደነበረችም አብሮ መነገር አለበት።

በ1945 በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ የተገኙት የቅብጥ ጥራዞችም መንገዳቸው በካይሮ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች በኩል ነበር። አንዱ ሾልኮ በ1952 ስዊዘርላንድ ለሚገኘው የዩንግ ተቋም ተሸጠ። አሥራ ሦስቱም ዛሬ ያሉት በፉስጣጥ ሰፈር፣ በቅብጥ ሙዚየም ነው።

ዛሬ በሕትመት መጽሐፍ ለሚረካ ተጓዥ መንገዱ ሰፊ ነው። ከአል-አዝሀር መስጊድ ጀርባ ያለችው ደርብ አል-አትራክ ጠባብ መንገድ ከግራ ቀኝ የሃይማኖት መጻሕፍት አሳታሚዎች መደብር ናት። ከኢንዶኔዥያም ከናይጄሪያም የመጡ ተማሪዎች በካርቶን እያሰሩ ይወስዳሉ። ለኢትዮጵያ ሙስሊሞችም ካይሮ የማተሚያ አገራቸው ነበረች፤ የባሌውን ሼህ ሁሴን ገድል የያዘው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» በ1927 የታተመው እዚሁ ነው። የቅብጥ ቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት የሚፈልግ ወደ ሹብራ ይሻገራል።

መሐል ከተማው ሌላ ዓለም ነው። በጠልዓት ሐርብ አደባባይ ያለው የመድቡሊ መደብር፣ ከጋዜጣ አዟሪነት ተነስቶ አሳታሚ በሆነው በሐጅ መድቡሊ (በ2008 አረፈ) ስም ይጠራል፤ ሳንሱር የፈራውን መጽሐፍ ከጠረጴዛ ሥር በመሸጥም ይታወቅ ነበር። በመሐመድ ፈሪድ መንገድ ከ1928 ጀምሮ ያለው የአንግሎ-ግብፅ መደብር አለ። ሌነርትና ላንድሮክ በአሮጌ ፎቶግራፎቹ፣ በቀስር አል-ኒል መንገድ ያለው «ሎሪያንታሊስት» በካርታና በጥንታዊ ሥዕል ይጎበኛሉ። እዚህ ዋጋው ተጽፎ ይጠብቃል፤ እንደ አዝበኪያ መከራከር አያዋጣም። በ2002 በዘማሊክ የተከፈተው ዲዋን ደግሞ ቡናና መጽሐፍ አጣምሮ ለአዲሱ አንባቢ የመጣ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ናዲያ ዋሰፍ ታሪኩን በ2021 በመጽሐፍ አውጥታዋለች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ወደዚህችው ከተማ ነው። ስለ አገሩ የተጻፈ የሚሰበስብ ኢትዮጵያዊ እንግዲህ ምን ይፈልግ? ከሁሉ በፊት 1935ን። ጣሊያን ሊወርረን በተዘጋጀበት በዚያ ዓመት የካይሮ ማተሚያ ቤቶች ስለ «ሐበሻ» መጽሐፍ አጉርፈዋል። የመሐመድ ሉጥፊ ጁምዓ «በአፍሪካው አንበሳና በጣሊያኑ ነብር መካከል» ገና በርዕሱ ለማን እንደሚያደላ ያሳብቃል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የዩሱፍ አሕመድ «እስልምና በሐበሻ» ግን ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደግ ቃል የለውም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ግብፅ በእኛ ነገር እንዴት ለሁለት እንደተከፈለች ያያል። ከዚያ የዛሂር ሪያድ የኢትዮጵያ ታሪክ (1966)፣ ከዚያም በ1974 በካይሮ የታተመው «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ይከተላሉ። በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውና በ1940ዎቹ አዲስ አበባ የሠራው ሙራድ ካሚል፣ የግእዙን «ዜና አይሁድ» ያሳተመ ምሁር ነውና፣ ከስሙ ጋር የታሰረ ሁሉ ሊገዛ የሚገባው ነው። ችግሩ አንድ ነው፦ ከእነዚህ ውስጥ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ማግኘት ይከብዳል፤ ዓረብኛ የማይችል ሰብሳቢ ልባሱን እያየ ይቀራል።

ጊዜው ለሚመቸው ጥሩው ወር የመጽሐፍ አውደ ርዕይ የሚካሄድበት ጥር ነው። የካይሮ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ የተጀመረው ከተማይቱ ሺህኛ ዓመቷን ባከበረችበት በ1969፣ በደራሲዋ ሱሃይር አል-ቀለማዊ መሪነት ነው። በ2011 አብዮቱ አስቀርቶታል፤ በ2019 ሃምሳኛውን ሲያከብር ከናስር ከተማ ወደ አዲስ ካይሮ፣ አምስተኛው መንደር ተዛወረ። አዳራሹ አማረ፣ መንገዱ ራቀ። በዚያ ዓመት የአዝበኪያ ነጋዴዎች በኪራዩና በቦታው ሳይስማሙ ቀርተው በግንባቸው ሥር የራሳቸውን አውደ ርዕይ ከፈቱ፤ ብዙ አንባቢም ወደ እነሱ አደላ። የግብፅ ፓውንድ ከ2022 ወዲህ ደጋግሞ ሲወድቅ ወረቀት ተወደደ፤ በ2023 አንዳንድ አሳታሚዎች መጽሐፍን በየወሩ በሚከፈል ክፍያ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ዶላር ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ለካይሮው መምህር የሳምንት ወጪ ነው፤ በዚህ ላይ ተሟግቶ ማስቀነስ ለእንግዳ አያምርም።

ከአዝበኪያም ከመንገድ ዳርም ሲገዛ ወረቀቱን ዳሰስ ማድረግ ይበጃል። «መድሩብ» የሚባለው ያለ ፈቃድ የተባዛ ቅጂ በዝቷልና፣ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ገጹ የተዛነፈ ከሆነ ደራሲው ከሽያጩ አምስት ሳንቲም አላገኘም ማለት ነው። በእጅ የተጻፈ ነገር ሲቀርብ ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ አለመንካት ነው። የ1983ቱ የጥንታዊ ቅርስ ሕግ ቁጥር 117 እና የ2009ኙ የብራናዎችና የእጅ ጽሑፎች ጥበቃ ሕግ ቁጥር 8 እንዲህ ያለውን ዕቃ ከአገር ማውጣት ይከለክላሉ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ሲፈተሽ እንደ ከርዘን በአረቄ መግባባት የለም። የቆየ የሕትመት መጽሐፍ የገዛም ቢሆን ደረሰኝ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የአዝበኪያ ሻጭ ደረሰኝ ባይኖረውም በሱቁ ማኅተም በወረቀት ቁራጭ ላይ ይጽፍለታል።