ቀጣሪ ሰውን በምን ይለያል?

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዲግሪውን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጠ የሐይቅ ወይም የአምባሰል ወጣት፣ የሥራ ማስታወቂያ ወጣ ሲባል ደሴ መውጣት፣ አለዚያም ኮምቦልቻ መውረድ አለበት። አንዴ ለምዝገባ፣ አንዴ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንዴ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ። የትራንስፖርቱን፣ የኮፒውንና የምሳውን ወጪ የሚችለው ገና ደመወዝ ያልቀመሰው አመልካች ነው።

ችግሩ ግን ርቀቱ ብቻ አይደለም። ግሩም አበበና የሙያ ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ ያካሄዱት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው፤ ሌላው ችሎታውን ለይቶ በማመልከቻና በቃለ መጠይቅ እንዲያስረዳ ሠለጠነ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ፣ የሠለጠኑት ገቢ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይበልጥ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው ወደ ኋላ የሚቀሩት ነበሩ። ችሎታ እያላቸው የሚያይላቸው ያጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው ማለት ነው።

ለዚህ ቀጣሪውም ድርሻ አለው። የተለመደው ቃለ መጠይቅ «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ብሎ ይጀምርና እንደ ጠያቂው ስሜት ይቀጥላል። አንዱ ስለ ትምህርቱ፣ ሌላው ስለ ትውልድ ቦታው ይጠየቃል፤ ነጥቡ ግን እኩል እንደተፈተኑ ሆኖ ይደመራል። ይህ ፍትሕ የጎደለው አሠራር ነው። ለቀጣሪውም አይበጅም፤ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የአሥርተ ዓመታት ጥናቶችን ዳግም መርምረው በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትና በተዘጋጀ መመዘኛ የሚታረመው ቃለ መጠይቅ የአመልካቹን የወደፊት የሥራ ብቃት በመተንበይ ከመምረጫዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል። እንደመጣ የሚጠየቅበት የዚያን ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

ለምሳሌ ገንዘብ ያዥ ሲፈለግ፣ «ማታ ሒሳብ ስትዘጋ 500 ብር ቢጎድል ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሁሉም ይጠየቅ። ደረሰኙን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሮ ጉድለቱን የዚያኑ ዕለት በጽሑፍ የሚያሳውቀው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። «ከኪሴ እሞላዋለሁ» ያለው ቅን ቢመስልም ጉድለቱን ሸፍኗልና ዝቅ ይላል። ፈተናውም ቃለ መጠይቁም በአንድ ቀን ቢሆን ከሩቅ የሚመጣው አመልካች ከወጪ ይድናል።

በሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር የሚገኘው ገዳም ደግሞ ከንግግር ይልቅ ሥራን የሚያይ የቆየ ሥርዓት አለው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባጸኑት በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ በደቀ መዝሙርነት ዓመታት አሳልፈዋል። ሊመነኩስ የመጣ ሰው ውኃ እየቀዳ፣ እየታዘዘ፣ ከማኅበሩ ጋር እየኖረ በአመክሮ ይፈተናል። እሱም የገዳሙን ሕይወት ይችለው እንደሆነ ራሱን ያያል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለሙከራ ጊዜ ቦታ ሰጥቷል። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ አይችልም። በእነዚህ ቀናት ሠራተኛው ለሥራው ካልተስማማ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። አዲስ ተቀጣሪዎች ሆይ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሙከራው ጊዜ በስንት ቀን እንደተጻፈ አንብቡ፤ አንዱን ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።