ሚዛኑ 20 ይጠራል፣ ዓይን 15 ያስቀራል

እግር ኳስ ወዳዶች ስንገናኝ ከጨዋታው ውጤት በላይ የሚያጨቃጭቀን ጥያቄ አለ፦ «ይሄ ልጅ የት ይደርሳል?» ገና ጢም ያላበቀለ ታዳጊ ሜዳ ዳር ቆመን እናያለን፤ አንዱ «ኮከብ ነው» ይላል፣ ሌላው «ጉልበት እንጂ ኳስ የለውም» ብሎ ይሟገታል። አሜሪካኖች ለዚህ ሙግት ድራፍት የሚባል ሥርዓት አበጅተውለታል። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ወጣቶቹ ይለካሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፤ ከዚያ ባለፈው ዓመት ጭራ የሆነው ክለብ ቀድሞ፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ሆኖ፣ በተራ በተራ ይመርጣሉ። እኔም የዚህ ነገር ወዳጅ ከሆንኩ ቆይቻለሁ። ግን ስለ ምልመላ ከሁሉ ያስተማረህ የቱ ነው ብትሉኝ የምነግራችሁ ሌላ ነው፤ ካፋ ዞን፣ አዲዮ ወረዳ፣ የአውራ በግ ምርጫ!

የካፋ ዞን ከተማ ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ቡናና ደን ይላል፤ በስሟ የሚጠራ በግ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የቦንጋ በግ ላቱ ረጅምና ሰፊ ነው፣ ጠጉሩ አጭር ነው፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የላቸውም። ብዙዎቹ ቀይ ወይም ቡናማ ናቸው፤ መንታ መውለድም ያዘወትራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ከኢካርዳና ከኢልሪ፣ ከቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲም ጋር ሆኖ በአዲዮ ደጋ፣ ቦቃና ሹታ በሚባሉት መንደሮች፣ ከገበሬዎቹ ጋር በግ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን በመንዝ፣ በሆሮና በአፋር በጎችም ላይ እንዲሁ ተጀምሯል።

ከዚያ በፊት የነበረውን ካልነገርኳችሁ የነገሩ ትልቅነት አይገባችሁም። ገበሬ በግ የሚሸጠው ብር ሲያስፈልገው ነው፤ ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለበዓል። ገበያ ሲወጣ የትኛውን ይነዳል? ቶሎ ያደገውን፣ ነጋዴ አይቶ የማያልፈውን። መስቀልና ፋሲካ መጥተው ሲያልፉ ደህና ደህናዎቹ ወንዶች ተሸጠው አልቀዋል። ደጅ የሚቀረው ቀጭጮ ገዢ ያጣው ነው። እናት በጎቹን የሚያጠቃቸውም እሱው ይሆናል። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ነገር ግን ዓመት በዓመት የመንጋው አባት ሆኖ የሚመረጠው ማንም ያልፈለገው ነበር። ተመራማሪዎች አሉታዊ ምርጫ የሚሉት ይህንን ነው። ክለብ ጥሩ ልጁን ቢሸጥ አንድ ተጫዋች አጣ። በግ አርቢ ጥሩውን ግልገል ሲሸጥ ግን ያ ግልገል ሊወልዳቸው የነበሩትን ሁሉ አብሮ ሸጠ።

ለምን በአውራው ላይ ይበረታሉ ትሉኝ ይሆናል። አንዲት እናት በዓመት አንድ ወይም ሁለት፣ መንታ ከደጋገመች ሦስት ግልገል ብትሰጥ ነው። አንድ አውራ ግን ሃያ ሠላሳ እናቶችን ሊያጠቃ ይችላል። እሱ ላይ የተሳሳተ ምርጫ በሚቀጥለው ዓመት በየበረቱ ይታያል፤ የሰመረ ምርጫም እንደዚያው።

ምርጫው የሚጀምረው ግልገሉ በተወለደበት ቀን ነው። ጆሮው ላይ ቁጥር ይንጠለጠልለታል። በየመንደሩ የተመደበ መዝጋቢ አለ፤ የተወለደበትን ቀን፣ እናቱን፣ ከታወቀም አባቱን፣ ጾታውን፣ ብቻውን ይሁን መንታ፣ ሲወለድ ስንት እንደመዘነ ይጽፋል። ከዚያ ጡት ሲጥል፣ 6 ወር ሲሞላው፣ ዓመት ሲደፍን ይመዘናል። ሚዛኑ ተንጠልጣይ ነው። ግልገሉ ተይዞ ሲሰቀል አራት እግሩን ያወራጫል፣ መርፌው ይዘላል፣ ባለቤቱ ከመዝጋቢው ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ለማንበብ ይጣደፋል። መዝጋቢው ግን አይቸኩልም። ግልገሉ ተስፋ ቆርጦ ጸጥ እስኪል፣ መርፌውም እስኪረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ የጆሮውን ቁጥር ጮክ ብሎ ጠርቶ ኪሎውን ይጽፋል። እኔ ከሁሉ የምወዳት ያቺን የዝምታ ቅጽበት ነው።

አሁን ጠጋ በሉ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እንበልና ሁለት ወንድ ግልገሎች 6 ወር ሞላቸው። አንዱ 22 ኪሎ፣ ሌላው 20 ኪሎ መዘነ። ማን ይሻላል? ቸኩሎ የሚመልስ 22ቱን ያነሣል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ባለ 22ቱ ብቻውን የተወለደ ነው፤ እናቱ አራት ጊዜ የወለደች፣ ወተቷ የሞላ። ባለ 20ው መንታ ነው፤ ለእናቱ የመጀመሪያ ወሊዷ፣ ያችኑ ወተት ከእኅቱ ጋር ተሻምቶ ያደገ። ክብደቱ ውስጥ የራሱ የሆነ አለ፣ ዕድሉ የሰጠውም አለ። ለልጆቹ የሚያወርሰው የራሱን ብቻ ነው። የእናቱን የጡት ወተት ማንም ግልገል አያወርስም።

ስለዚህ ከመዝገቡ በኮምፒዩተር የሚሠራው ስሌት ዕድሉን ይቀንሳል፤ መንታነቱን፣ የእናቱን ዕድሜ፣ የተወለደበትን ወቅት፣ በ6 ወሩ ይሁን በጥቂት ቀን ዘግይቶ መመዘኑን። አልፎም ዘመዶቹን ይጠይቃል። በሌላ ሰው በረት ያሉ የአባቱ ልጆች እንዴት አደጉ? እናቱ ከዚህ በፊት የወለደቻቸውስ? ከዚህ ሁሉ ተጨምቆ የሚወጣው ቁጥር «ይህ አውራ ለልጆቹ ምን ያህል ያወርሳል» የሚል ግምት ነው። የቦቃ ገበሬ ይህን ነው የሚጠብቀው፤ ኪሎውንማ ራሱ አይቶታል።

በስፖርቱ ዓለም ይህን ትምህርት ያገኙት በብዙ ኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች የካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲያዩ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በዝተው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዕድሜ ቆጠራው ከጃንዋሪ ወር ይጀምራል፤ በጃንዋሪ የተወለደው ሕፃን በዲሴምበር ከተወለደው ጋር አንድ ቡድን ሲገባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ይበልጠዋል። አሠልጣኙ ጎበዝ ያለው ቀድሞ የተወለደውን ነበር። በእግር ኳስ ታዳጊዎች ላይም ደጋግሞ ታይቷል። እኛም ሜዳ ዳር ቆመን «ጉልበታም ነው» ስንል ስንቱን መንታ እንዳሳለፍነው ማሰብ ያሳዝነኛል። አዲዮ ላይ ግን ይህ ስሕተት በመዝገብ ይታረማል።

ቀጥሎ ዓይን ይመጣል። ማኅበረሰቡ ከመካከሉ የመረጣቸው ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አለ። ለምሳሌ 15 አውራ የሚፈለግ ከሆነ በቁጥሩ 20 ይጠራሉ፤ አምስቱን የሚጥለውና የ15ቱን ደረጃ የሚያወጣው ኮሚቴው ነው። ግልገሎቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከኮሚቴው አንዱ ሽማግሌ የእያንዳንዱን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ አቋቋሙን ከኋላ ሆነው ያያሉ፣ ላቱን ያነሣሉ፣ ቆለጡን ይፈትሻሉ፣ መልኩን ያያሉ። መልክ ለምን? ገበያው ስለሚያይ። ጥቁር በግ የቱንም ያህል ቢፋፋ ገዢው ይሸሸዋል፤ አርቢው ያንን ኪሳራ መንጋው ውስጥ እንዲራባ አይፈልግም። ኮምፒዩተር ይህን አያውቅም፤ ገበያ ወጥቶ ያልተሸጠለትን በግ እየነዳ የተመለሰ ሰው ነው የሚያውቀው።

የቅደም ተከተሉ ነገር ይገርመኛል። መጀመሪያ ዓይን፣ ኋላ ሚዛን ቢሆን ኖሮ አምረው የተገኙ ሰነፎች መንታዎቹን ገፍተው ይገቡ ነበር። ሚዛን ብቻውን ቢሆን ደግሞ ገበሬው የማይፈልገውን አውራ ተቀብሎ ወደ ቤቱ አያስገባም። ለዚህ ነው ሁለቱም የተቀመጡበት ቦታ ልክ ነው የምለው።

ልኬት ከተነሣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹን ቶም ብሬዲን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከድራፍቱ በፊት 40 ያርድ በ5.28 ሰኮንድ ሮጠ፤ ጨዋታውን ለሚመራው ኳርተርባክ ለሚባለው ቦታው እንኳ ዘገምተኛ ነው። 199ኛ ተጠራ፣ ከዚያ የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሰባት ጊዜ አሸነፈ። ሰዎች ይህን የሚያነሡት ልኬት ከንቱ ነው ለማለት ነው፤ እኔ አልስማማም። ችግሩ የተለካው ነገር ላይ ነበር። ሩጫ ለኩና የማሰብ ብቃትን ሊገምቱ ፈለጉ። አዲዮ ላይ ክብደት ይፈልጋሉ፣ ክብደት ይለካሉ። በዓይን የማይታየውን ሲፈልጉም መላ አላቸው። መንታ የመውለድ ጠባይ በአውራው ገላ ላይ የት ይታያል? የትም። ስለዚህ የእናቱን የወሊድ መዝገብ ያነባሉ።

ዕድሜም አንድ ነገር ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ድራፍት በኤፍሲ ዳላስ ሲመረጥ ገና 15 ዓመቱ ነበር። ከዳላስ ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ፤ በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫም የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ ነበር። በ15 ዓመት ልጅ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ከጊዜው የቀደመ ነው፤ በግ አርቢዎቹም ይህን ያውቃሉ። ግልገሎቹ መሸጥ በሚጀምሩበት በስድስት ወር ግድም የመጀመሪያው ምርጫ ይደረጋል፤ ያኔ የተያዙት ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ታይተው ነው አውራ የሚሆኑት።

የተመረጠው አውራ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የአርቢዎቹ ማኅበር በተዘዋዋሪ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በበዓል ገበያ ያገኝ የነበረው ብር አልቀረበትም፣ በጉም አልጠፋም። አሉታዊውን ምርጫ የሰበረው ይህ ክፍያ ነው ብዬ አምናለሁ። ግጦሽ የሚጋሩ ጎረቤቶች በቡድን ሆነው አውራውን ይጠቀሙበታል፤ ሴት ልጆቹ ለርቢ ሳይደርሱም ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል፣ የዘመድ ርቢ እንዳይመጣ። ያልተመረጡት ይኮላሹና ተቀልበው ሙክት ሆነው ይሸጣሉ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት የቦንጋ በጎች የ6 ወር ክብደት በአማካይ በየዓመቱ 0.21 ኪሎ ጨምሯል፤ የሆሮው 0.18፣ የመንዙ 0.11 ነው። 210 ግራም ስትሰሙ ትንሽ ትመስላችኋለች። ግን አንድ ጊዜ ተቀልቦ የመጣ ሥጋ አይደለም፤ በደም የገባ ስለሆነ የዘንድሮው ባለፈው ላይ ይደመራል። በአሥር ዓመት በእያንዳንዱ ግልገል ላይ ሁለት ኪሎ ማለት ነው፤ ያውም በዚያው ግጦሽ፣ በዚያው በረት።

ደግሞም ዝርዝሩ አይዘጋም። አንደኛ የተባለው አውራ ልጆቹ ተወልደው፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር ተንጠልጥሎ፣ 6 ወር ሞልቷቸው ሲመዘኑ የእሱም ግምት አብሮ ይታረማል፤ አንዳንዱ ከደረጃው ይወርዳል፣ 14ኛ የነበረው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። እኔ የዚያን ቀን ደብተሬን ይዤ አጥሩ ሥር መቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ሚዛኑ ከመሰቀሉ በፊት ማን እንደሚወጣ ማን እንደሚወርድ ጽፌ፣ መርፌው እስኪረጋ ለመጠበቅ።