አለመቻልን ማረጋገጥ፦ የሦስት መዘውሮች እንቆቅልሽ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሙከራችን ደጋግሞ ሲከሽፍ፣ ክሽፈቱ ራሱ ምን ያስተምረናል? ጥያቄውን የምመረምረው በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ በሚገኝ መካኒካዊ እንቆቅልሽ ነው። ይህን የመረጥሁት ማንኛችሁም በወረቀት ልትፈትሹት የምትችሉት አነስተኛ ሥርዓት ስለ ሆነ ነው።

ጨዋታው ወንድማማቾቹ ራንድ እና ሮቢን ሚለር በድርጅታቸው በሳያን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት «ሚስት» ነው። ስሙ በፊደላችን ሲጻፍ ትዳርን ቢያስታውስም፣ ዝምድና የለውም። ተጫዋቹ ራሱን ጭር ባለ ደሴት ላይ ያገኛል። የሚዋጋው ጠላት የለም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረውም የለም።

በደሴቱ የሰዓት ማማ ውስጥ ሦስት መዘውሮች ያሉት መሣሪያ አለ። እያንዳንዱ መዘውር ከ1 እስከ 3 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያሳያል። ሲጀመር ሦስቱም 3 ላይ ናቸው፤ በሌላ ስፍራ የሚገኝ ፍንጭ ግን ከላይ ወደ ታች 2፣ 2፣ 1 እንዲሆኑ ይጠይቃል። መዘውሮቹን የሚያዞሩት ሁለት እጀታዎች ናቸው። አንደኛው ሲሳብ የላይኛውንና የመካከለኛውን፣ ሁለተኛው የታችኛውንና የመካከለኛውን መዘውር አንድ አንድ እርምጃ ያዞራል። ከ3 በኋላ 1 ይመለሳል።

አሁን እናስላ። የላይኛው ከ3 ወደ 2 እንዲደርስ አንደኛው እጀታ ሁለት ጊዜ መሳብ አለበት። የታችኛው ከ3 ወደ 1 እንዲደርስ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ይሳባል። የመካከለኛው መዘውር ግን በእያንዳንዱ ስበት ስለሚዞር ሦስት እርምጃ ሄዶ ወደ 3 ይመለሳል፤ የሚፈለገው ግን 2 ነው። የስበቱን ቅደም ተከተል መለወጥ አይረዳም፤ እርምጃዎቹ የሚደመሩ ናቸውና። አንዱን እጀታ ሦስት ጊዜ መጨመርም ሁሉን ወደነበረበት ይመልሳል። ከ27ቱ አቀማመጦች በዚህ መንገድ የሚደረስባቸው 9 ብቻ ናቸው፤ 2፣ 2፣ 1 ከእነርሱ መካከል የለም።

ያላሰላ ተጫዋች «ገና በቂ ሙከራ አላደረግሁም» ብሎ መሳቡን ይቀጥላል። ያሰላው ግን እንዲህ ይላል፦ «በማውቀው እንቅስቃሴ አይቻልም፤ እንቆቅልሹ ግን እንዲፈታ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ያላየሁት እንቅስቃሴ አለ።» ምን እንደሚፈልግም ያውቃል፦ የመካከለኛውን መዘውር ለብቻው ሁለት እርምጃ የሚያዞር ነገር። እርሱም ይገኛል። እጀታው ተስቦ ሳይለቀቅ ከተያዘ፣ የመካከለኛው መዘውር ብቻውን መዞሩን ይቀጥላል። አንደኛውን እጀታ ስቦ መካከለኛው 3 እስኪያሳይ መያዝ፣ ከዚያ ለቅቆ ያንኑ አንድ ጊዜ መሳብ፣ በመጨረሻም ሁለተኛውን አንድ ጊዜ መሳብ፤ አቀማመጡ ከ1፣ 3፣ 3 ወደ 2፣ 1፣ 3፣ ከዚያም ወደ 2፣ 2፣ 1 ይደርሳል።

በጨዋታው መፍትሔ መኖሩን ሠሪው ዋስ ሆኖልናል። በምርምር ግን እንዲህ ያለ ዋስ የለንም። ፒየር ዋንትዘል እ.ኤ.አ. በ1837 አንዳንድ አንግሎችን በኮምፓስና ምልክት በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ መክፈል እንደማይቻል አረጋግጧል። በማስመሪያው ላይ ሁለት ምልክቶች ከተደረጉ ግን ይቻላል፤ የጥንት ግሪኮችም ይህን ያውቁ ነበር። ማረጋገጫው የዘጋው አንዱን በር ነው፤ የትኛው በር እንደ ተዘጋም በትክክል ተናግሯል።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ በጥናታችሁ «አልተሳካልኝም» እና «በእነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ሊሆን አይችልም» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለዩ። የመጀመሪያው ስለ እናንተ ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ጉዳዩ። ሁለተኛውን ለመጻፍ ቅድመ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ግድ ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ ሊለወጥ የሚችለው አንድ ነገር የሚታየውም ያን ጊዜ ነው።