ያውቁ ኖሯል? ኪሮሽ ሒሳብ ያስተምራል

ዳንቴል የሚሠሩ ሁሉ ይህን ያውቁታል፦ በየዙሩ የሚጨመረው ዓይን ከበዛ ሥራው ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ይላል፤ ጠርዙ ይሸበሸባል። ካነሰ ደግሞ ይጎደጉዳል። ብዙዎቻችን የተሸበሸበውን እንፈታዋለን። የሒሳብ ሊቃውንት ግን የሚፈልጉት እሱኑ ነበር!

እንዲህ እየተሸበሸበ የሚሰፋ ገጽ በሒሳብ ሃይፐርቦሊክ ይባላል፤ የሰላጣ ቅጠል ጠርዝ ጥሩ ምሳሌው ነው። ቀድሞ ሞዴሉ ከወረቀት ተቆርጦ ይለጠፍ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ላትቪያዊቷ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚኛ ሞዴሉን በክርና በኪሮሽ ሠሩት። ዘዴው ቀላል ነው፦ በየረድፉ፣ በየአምስት ዓይኑ ላይ አንድ መጨመር። በ20 ዓይን የተጀመረ ሥራ ከ10 ረድፍ በኋላ ከ100 ዓይን ያልፋል።

ኪሮሽ ለዚህ የተመቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሹራብ ሥራ የረድፉ ዓይኖች በሙሉ ሽቦው ላይ ይቆያሉ፤ ረድፉ ሲረዝም ሽቦው አይበቃም። ኪሮሹ ላይ የሚቀረው ግን አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የቱንም ያህል ቢሰፋ ችግር የለም።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ቀጣዩ ነው። ሥራውን አጥፈው እጥፋቱን በሌላ ቀለም ክር ቢሰፉት ቀጥ ያለ መስመር ያገኛሉ። ከዚያ መስመር ውጭ ባለች አንዲት ነጥብ በኩል ደግሞ መስመሩን ፈጽሞ የማይነኩ ብዙ ቀጥ ያሉ መስመሮች መስፋት ይቻላል። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ግን አንድ ብቻ ነው የሚገኘው።