የጫጩቷ የመጀመሪያ ስምንት ሳምንት

ስለ ገጠር ዶሮ ርባታ ነገር በተነሳ ቁጥር ጥፋቱ የሚለጠፈው በአበሻ ዶሮ ላይ ነው። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ በሥርዓት የተያዘች የውጭ ዝርያ ግን 250ን ታልፋለች። ይህን ልዩነት ያየ ሰው መፍትሔው ዝርያ መለወጥ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን ለአሥርት ዓመታት ወደ ገበሬው የተላኩት፣ በኋላም ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ የተከተሉት በዚሁ ስሌት ነው። ሆኖም የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የናሙና ጥናት ከአገሪቱ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል የአበሻ ዝርያ ነበሩ። ገበሬው አዲስ ነገር ስለሚጠላ ነው ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። በባህር ዳር ዙሪያ፣ በደራና በፎገራ የምትኖረውን ዶሮ ምርት አንቆ የያዘው እንቁላል የመጣል አቅሟ ከመፈተኑ በፊት የሚደርሰው ጥፋት ነው፤ ጫጩቶቹ ያልቃሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ፤ መጀመሪያ ክትባት፣ ቀጥሎ የጫጩት መኖ፣ ዝርያ ከዚያ በኋላ።

የእናት ዶሮዋን ሥራ በቁጥር እንየው። የአበሻ ዶሮ በመታቀፍና በመፈልፈል የሚስተካከላት የለም፤ 12 እንቁላል ብትታቀፍ በ21ኛው ቀን ዘጠኝና አሥር ጫጩት ይዛ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ያህል ጫጩቶቿን እየመራች፣ መሬት እየጫረች፣ ከጭላት እየተከላከለች ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጥልም። በአገራችን የገጠር ዶሮ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት ከተፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡት፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። እንግዲህ ኪሳራው የሞቱት ጫጩቶች ብቻ አይደሉም። እናቲቱ ለሦስት አራት ጫጩት ስትል ወራት ሙሉ እንቁላል ሳትጥል ቆይታለች፤ ባለቤቷም ገበያ ሊወጣ የሚችለውን እንቁላል የሞተውን ለመተካት እንደገና ታሳቅፋለች። የአበሻ ዶሮ የዓመት እንቁላል አነስተኛ ሆኖ የሚቆጠረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ከገዳዮቹ ሁሉ የከፋው ፈንግል ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ ክትባት ያላገኘ የዶሮ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። ዶሮዋ ትኮማተራለች፣ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ከበረታባት አንገቷ ይጠመዘዛል። ቫይረሱ እንዲህ የሚከፋው በአንዲት ትንሽ ልዩነት ነው። ወደ ሕዋስ ለመግባት በላዩ ያለው አንድ ፕሮቲን በዶሮዋ ኢንዛይም መሰንጠቅ አለበት። የለዘብተኛው ቫይረስ ፕሮቲን የሚሰነጠቀው በመተንፈሻና በአንጀት አካባቢ ባሉ ኢንዛይሞች ብቻ ነው፤ የገዳዩን ግን በመላ ሰውነት የሚገኙ ኢንዛይሞች ይሰነጥቁታል፤ ስለዚህ አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ክትባቱ የሚሠራው ለዘብተኛውን አስቀድሞ በማስገባት ነው፤ ሰውነት ከእሱ ጋር ሲለማመድ ለገዳዩም ይዘጋጃል።

በአውስትራሊያ የተገኘውና አይ-2 የሚባለው የክትባት ቫይረስ ለገጠር የተመቸው ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚቋቋም ነው። ሙቀት የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ባለው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ይመረታል። አሰጣጡ መርፌ አይፈልግም። አንዱ ሰው ዶሮዋን ይይዛል፣ ሌላው ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብሎ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ ያሳርፋል፣ ጠብታዋ ተሰራጭታ ዶሮዋ ዓይኗን እስክትጨፍን ይጠብቃል፤ ከዚያ ይለቃታል። ለጫጩትም ለአውራም መጠኑ ያችው አንድ ጠብታ ናት። በየሦስት አራት ወሩ መደገም አለበት።

«ክትባቱን ከሰጠን በኋላ ነው ያለቁብን» የሚል ቅሬታ በየቀበሌው ይሰማል፤ ቅሬታውም መሠረት አለው። የፈንግል ቫይረስ ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ክትባቱ ደግሞ ለመከላከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። በሽታው ጎረቤት ከገባ በኋላ የተከተበ መንጋ ውስጥ ቀድመው የተያዙት መሞታቸው አይቀርም፤ የሚከሰሰው ግን ክትባቱ ይሆናል። ጥፋቱ የወቅት ነው። ፈንግል አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ክረምት ሊገባ ሲል ነው፤ የፋሲካ ገበያ ዶሮን ከመንደር መንደር ካመላለሰ በኋላ ማለት ነው። መንጋው መታመም ሲጀምር ባለቤቱ ሳይሞቱበት ለመሸጥ ይጣደፋል፣ በሽታውም በዚያው ገበያ በኩል ወደሚቀጥለው መንደር ይሻገራል። ስለዚህ ክትባት አንድ ቤት ብቻውን የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በሽታው ሳይታይ የሚሠራው ሥራ መሆን አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑም ይህንኑ ያግዛል።

የዝርያ ደጋፊዎች ጠንካራ መልስ አላቸው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም መሪነት በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው የዶሮ ዝርያ ፕሮጀክት የተሻሻሉ ዝርያዎችን በገበሬው ግቢ ውስጥ ፈትኖ ብልጫቸውን አሳይቷል። ይህን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ሙከራ ጫጩቶቹ ለገበሬው የተሰጡት ስድስት ሳምንት ያህል ተኮትኩተው፣ ሙቀትና ሙሉ መኖ አግኝተው፣ ክትባታቸውን ጨርሰው ነው። አደገኛውን ዕድሜ ሌላ ሰው አሳልፎላቸዋል። ውጤቱ ከዝርያው የመጣው ምን ያህል፣ ከእነዚያ ስድስት ሳምንታት የመጣው ምን ያህል ነው ብለን መጠየቅ አለብን፤ የአበሻ ጫጩት ያንን እንክብካቤ አግኝታ አታውቅምና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የሚከፋፈሉትም ጫጩቶች መመዘን ያለባቸው በተከፋፈሉት ብዛት ሳይሆን በስምንተኛው ሳምንት በቆጥ ላይ በሚገኙት ቁጥር ነው።

ክትባት ያዳናት ጫጩት ደግሞ መብላት አለባት። በዕድሜዋ መጀመሪያ ከምትበላው ከ18 እስከ 20 በመቶው ፕሮቲን መሆን ይገባዋል። በቆሎ 9 በመቶ ቢሆን ነው፤ ያውም ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ጡብ የጎደለው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ በዶሮዎች ማንቁርት ውስጥ የተገኘውን ምግብ የመረመሩ ተመራማሪዎች በበጋ ፕሮቲን፣ በክረምት ደግሞ ጉልበት ሰጪ ምግብ እንደሚያጥራቸው አይተዋል። ዝናብ ሲኖር ትልና ምስጥ ይገኛል፤ መሬቱ ሲደርቅ ግን ጫሪዋ የምታገኘው አብዛኛው ጥራጊ እህል ነው።

ለሰው ያልበቃ እህል ለዶሮ እንዴት ይሰጣል? ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም የሰው ማዕድ የማይነካ ፕሮቲን ፈልጎ ማግኘት ነው። ጣና ዳር በዚህ አይታማም። ከባህር ዳር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ምሬት የሌለውን ግብጦ ሲሞክሩ ቆይተው ሳናቦርና ቪታቦር የተባሉ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ተመዝግበዋል። የጎጃም ነባር ግብጦ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን አለው፤ ግን ተቆልቶ በወራጅ ውኃ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ ምሬቱ ጎጂ ነው። የኑግ ፋጉሎም በየዘይት መጭመቂያው አለ። በፋጉሎ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት አግኝቶ ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባል የጉበት መርዝ ያበቅላል። መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪዎች ካለቁ በኋላ ነው። በአዲስ አበባና አካባቢዋ ወተትና የላም መኖ በተመረመረ ጊዜም ከዋነኞቹ የብክለት ምንጮች አንዱ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። የሸተተ ወይም የሻገተ ፋጉሎ ለጫጩት ፈጽሞ አይሰጥም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ዓሣው ነው። ቀረሶ ተገፍፎ ሥጋው ሲወጣለት ከጠቅላላ ክብደቱ ለገበያ የሚውለው ሲሶው ያህል ነው፤ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ባህር ዳር ወደቡ ላይ ለሚጠብቁ ፔሊካኖች ይጣላል፣ ወይም ዳርቻው ላይ ይበሰብሳል። በዚያ ተረፈ ምርት ውስጥ ግን ከበቆሎ የጎደለው ላይሲን፣ ከግብጦ የጎደለው ሜቲዮኒን፣ ለአጥንት የሚሆን ካልሲየምም አለ። ጥሬውን መስጠት አይቻልም፤ ሳልሞኔላ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ተቀቅሎ፣ ውኃው ተጠንፍፎ፣ በፀሐይ ደርቆ ሲፈጭ ከመኖው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያልበለጠ መጠን ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። የማገዶው ወጪ እውነተኛ ችግር ነው፤ በየቤቱ ከሚቀቀል ይልቅ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት በአንድ ቦታ ቢያዘጋጁት ወጪው ይቀንሳል፣ ጥራቱንም የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ክፍል ሊመረምረው ይችላል።

ወቅቱም ይገጥማል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ተረፈ ምርቱም ይበዛል፤ የበጋው ፀሐይ ለማድረቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሰጣል፤ ዶሮዋ በጫረችው መሬት ላይ ፕሮቲን የሚጠፋውም በእነዚያው ወራት ነው። በጾሙ የእንቁላል ዋጋ ሲወርድ ብዙዎች እናት ዶሮ ያሳቅፋሉ፤ የሚፈለፈሉት ጫጩቶችም ስምንት ሳምንታቸውን የሚጨርሱት ፈንግል በሚበረታበት ወቅት መግቢያ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ የዓይን ጠብታ ከፋሲካ ገበያ በፊት መድረስ አለባት።